አራት ቄሣሮች በአንድ ዓመት፦ ሮም በ69

እ.ኤ.አ. በ69 ሮም አራት ቄሣሮች ተፈራርቀውባታል፦ ጋልባ፣ ኦቶ፣ ቪተሊየስና ቬስፓሲያን። ሦስቱ የዓመቱን መጨረሻ አላዩም።

ጣጣው የጀመረው በ68 ኔሮን ያለ ወራሽ ራሱን ሲያጠፋ ነው። በስፔን አገረ ገዥ የነበረው ሽማግሌው ጋልባ ዙፋኑን ያዘ። ጋልባ ግን ቋጣሪ ነበር። ለክብር ዘበኞቹ በስሙ ቃል የተገባውን ገንዘብ አልሰጥም አለ። «ወታደር እመርጣለሁ እንጂ አልገዛም» ማለቱ ይነገራል። ኩሩ ንግግር ናት፤ ግን ሕይወቱን አስከፈለችው። ወራሽ ያደርገኛል ብሎ ሲጠብቅ የቆየው ኦቶ፣ ሌላ ሰው ሲመረጥ ዘበኞቹን አሳመፀ። ጃንዋሪ 15 ጋልባ በአደባባይ ታረደ።

በዚያን ጊዜ ግን በራይን ወንዝ ዳር የሰፈረው ጦር የራሱን አዛዥ ቪተሊየስን ቄሣር ብሎ ነበር። ኤፕሪል 14 በሰሜን ጣሊያን፣ በክሬሞና አቅራቢያ፣ የኦቶ ጦር ተሸነፈ። ኦቶ ገና የሚዋጋለት ሠራዊት ነበረው። እሱ ግን የእርስ በርሱ ደም ይብቃ ብሎ ራሱን ገደለ።

በይሁዳ የአይሁድን ዐመፅ ሲዋጋ የነበረው ቬስፓሲያን ደግሞ ጁላይ 1 በእስክንድርያ ቄሣር ተባለ። የሮም ሕዝብ የሚበላው እህል ከግብፅ ይጫን ስለነበር፣ ግብፅን የያዘ የሮምን መሶብ ያዘ ማለት ነው።

በዳኑብ ወንዝ ዳር የሰፈሩት ሌጌዎኖች (የሮም ክፍለ ጦሮች) ለቬስፓሲያን ወግነው፣ በአንቶኒየስ ፕሪሙስ መሪነት ጣሊያን ገቡ። ኦክቶበር 24 እዚያው ክሬሞና አጠገብ ከቪተሊየስ ጦር ጋር ውጊያ ገጠሙ። ሌሊቱን ሙሉ ተጨፋጨፉ። ሲነጋ፣ ከፕሪሙስ ወገን የነበረው፣ ሶርያ የኖረው ሦስተኛው ሌጌዎን በለመደው የሶርያ ልማድ ለፀሐይዋ እጅ ነሣ። ወሬው ወዲያው ተዛመተ፤ አዲስ ጦር ደርሶ ሰላምታ የሚለዋወጡ መሰለ። የቪተሊየስ ሰዎች ወኔ ከዳቸው፣ መስመራቸውም ተፈታ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ድል አይባልም። የገበያ ሰሞን ስለነበር ክሬሞና በነጋዴና በሸቀጥ ተሞልታ ነበር። ወታደሮቹ አራት ቀን ዘረፏት፣ አቃጠሏት። የገዛ አገራቸው ከተማ ነበረች።

ዲሴምበር 19 በሮም ካፒቶል ኮረብታ ላይ የነበረው የጁፒተር ቤተ መቅደስ ነደደ። የቬስፓሲያን ወንድም ሳቢኑስም ተይዞ ተገደለ። በማግስቱ የፕሪሙስ ጦር ከተማዋን ሰብሮ ገባ፤ ቪተሊየስ ከተደበቀበት ተጎትቶ ወጥቶ ተገደለ፣ ሬሳውም ቲበር ወንዝ ተጣለ።

ቬስፓሲያን ከእነዚህ የእርስ በርስ ውጊያዎች አንዱንም አላየም። ሮም የገባው በ70 ነው። በዚያው ዓመት ልጁ ጥጦስ ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ ቤተ መቅደሷም ተቃጠለ።