ምርመራው «ምንም የለም» ሲል ማቃጠሉ ከየት ይመጣል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት የሽንት ምርመራ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። «ዶክተር፣ ምንም የለብህም ተባልኩ፤ ስሸና ማቃጠሉ ግን አልተወኝም። እስቲ ሲፕሮ ስጠኝ» ይሉኛል። ሲፕሮ ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ ነው። አልሰጥም፤ ምክንያቱን ሳልነግራቸው ግን አላሰናብትም።

«ምርመራው ነጻ ካለኝ ሕመሙ የሐሳቤ ነው»

አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው። ከምርመራው በፊት የተዋጠ አንቲባዮቲክ ካልቸሩን፣ ማለትም በሽንት ውስጥ ያለን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ በተለመደው የሽንት ካልቸር አይገኙም፤ የየራሳቸውን ምርመራ ይፈልጋሉ። በሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሴል በዝቶ ካልቸሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ቲቢም ሊታሰብ ይገባል።

«ካቃጠለ ኢንፌክሽን ነው»

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። አንዲት በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለማን እናገራለሁ?» ብለውኛል። በዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደዋል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ የብልትና የሽንት መውጫ አካባቢ ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል። ይህ ሕክምና አለው፤ ሕክምናው ግን ሲፕሮ አይደለም። እኚህ እናት የማህፀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረባቸው፤ ያዘገያቸው እፍረት ነው።

ሽንት ሲጠራቀም የሚያም፣ ሲሸና ቀለል የሚል፣ ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ ሕመም ከሆነ ያለ ባክቴሪያ የሚከሰት የፊኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ጠጠር ወደ ፊኛ ሲቃረብ ቶሎ ቶሎ ያሸናል፣ ያቃጥላል። በወንዶች ከፊኛ ሥር ባለው ፕሮስቴት በተባለው እጢ አካባቢ ሥር የሰደደ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ አይገኝበትም። ሽቶ ያለው ሳሙናም፣ ብልትን በጸረ ጀርም መታጠብም ያቃጥላል።

«ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ስለተቀመጥኩ ነው»

ድንጋይ ጨብጥ አያስይዝም። ጨብጥ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ ሕክምናውም ለሁለቱም ጥንዶች ነው።

«ጣና ስለዋኘሁ የሽንት ብልሃርዚያ ይዞኛል»

ብልሃርዚያ ከውሃ የሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ ነው። በጣና ዙሪያ ያለው የአንጀት ዓይነት ነው፤ የሚፈለገውም በሰገራ ምርመራ ነው። ሽንትን ደም የሚያደርገው ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቃችሁ የት የት እንደኖራችሁና እንደሠራችሁ ንገሩት።

«ውሃ ብቀንስ ማቃጠሉ ይቀንሳል»

ሰሊጥ ሊያጭዱ መተማና ሑመራ ወርደው የሚመለሱ ወጣቶች ይህን ሲያደርጉ አያለሁ። ሽንቱ ይወፍራል፣ የበለጠ ያቃጥላል፤ ጠጠርም የሚበጀው በዚያው ነው። በጾም ቀን ደግሞ ከጾም መፍቻ እስከ መኝታ ሰዓት ውሃውን ከፋፍሎ መጠጣት ይቻላል። ቡና ፊኛን የሚያስቆጣባቸው ሰዎች ስላሉ ለአንድ ሳምንት ተዉትና ልዩነት ካለ እዩ።

ሽንታችሁ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ከመጣ፣ ሽንት ጨርሶ ካልወጣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ቀን አትቁጠሩ፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ሂዱ። ሌላው ደግሞ ለሦስት ቀን የጠጣውንና የሸናበትን ሰዓት ይጻፍ፤ የዋጣቸውን መድኃኒቶች ባዶ ፓኮም ሳይጥል ለሐኪሙ ይውሰድ።