ሸሚኪያ ኮፕላንድ፦ የአባቷን ዘፈን በየአልበሟ የምታኖረው የብሉዝ ድምፃዊት

ሸሚኪያ ኮፕላንድ ብሉዝ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ አሜሪካዊት ዘፋኝ ናት። በ1979 በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ጆኒ ኮፕላንድ ስሙ የገነነ የቴክሳስ ብሉዝ ጊታሪስትና ድምፃዊ ነበር። እሷ ከ1998 እስከ 2024 ባለው ጊዜ 11 የስቱዲዮ አልበሞች አውጥታለች።

በብሉዝ ዓለም የአባትን መንገድ መከተል ብርቅ አይደለም። የመዲ ዋተርስ ልጅ ቢግ ቢል ሞርጋንፊልድ፣ የሉተር አሊሰን ልጅ በርናርድ አሊሰን፣ የሎኒ ብሩክስ ልጅ ሮኒ ቤከር ብሩክስ ሁሉም ጊታር አንስተው የአባታቸውን ሥራ ቀጥለዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጊታሩን በነካ ቁጥር አድማጩ አባቱን ያስታውሳል፤ ማወዳደርም ይጀምራል። ሸሚኪያ ከዚህ ጣጣ ያመለጠችው ጊታሩን በመተው ነው። መድረክ ላይ የምትወጣው በድምፅዋ ብቻ ነው። ድምፅዋ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ወፍራም፣ ሻካራ፣ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ነው።

ስለ አልበሞቿ ከማውራት በፊት አባትየውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጆኒ ኮፕላንድ በ1937 በሉዊዚያና ግዛት ሄይንስቪል በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ገበሬ ነበር። አባትየው ሲሞት ለልጁ የቀረው ጊታሩ ነው። ጆኒ በወጣትነቱ ሂዩስተን ገባ። እዚያ የብሉዝ ጊታሪስቱን ቲ-ቦን ዎከርን አደነቀ፣ ቦክስም ሞካከረ፣ በመጨረሻ ሙዚቃው አሸነፈ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ ነጠላ ሸክላዎች አሳትሟል። ከቴክሳስ ውጭ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ጓዙን ጠቅልሎ ኒው ዮርክ ሄደ። ቀን ምግብ ቤት ይሠራል፣ ማታ በየክለቡ ይጫወታል። ስሙን ያስጠራለት «ኮፕላንድ ስፔሻል» የተባለው አልበም የወጣው በ1981 ነው። ያኔ ዕድሜው 44 ደርሷል። በ1985 ከአልበርት ኮሊንስና ከሮበርት ክሬይ ጋር «ሾውዳውን»ን ሠራ። ሦስት ጊታሪስቶች እየተፎካከሩ የተጫወቱበት ይህ አልበም የግራሚ ሽልማት አመጣላቸው። ያሳተመው የቺካጎው አሊጌተር ሪከርድስ ነው። ይህን ስም ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን። በዚያው ዓመት ደግሞ በኮትዲቩዋር ዋና ከተማነት ትታወቅ በነበረችው በአቢጃን የተቀዳ አልበም አወጣ። አሜሪካዊ የብሉዝ ሰው አፍሪካ ድረስ ሄዶ፣ ከአገሬው ሙዚቀኞች ጋር ተቀላቅሎ አልበም መቅዳቱ በዚያን ጊዜ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነበር።

ሸሚኪያ ያደገችው በእነዚህ ዓመታት ነው። ወደ 10 ዓመት ገደማ ሳለች አባቷ በሃርለሙ ኮተን ክለብ መድረክ ላይ አውጥቶ አዘፍኗታል። ልጅቷ ግን አልወደደችውም። መድረክ ያስፈራት ነበር። ዘፋኝ የመሆን ሐሳብ የመጣላት ከ15 ዓመቷ በኋላ ነው፤ ያኔ አባቷ በልብ ሕመም ይሰቃይ ነበር። ከእሱ ጋር በየከተማው እየዞረች፣ እሱ ከመውጣቱ በፊት መድረኩን ትከፍት ጀመር። እሷ የታመመ አባቷን የምታግዝ መስሏት ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ የገባት ዘግይቶ እንደሆነ በየቃለ ምልልሱ ተናግራለች። ጆኒ በዚያ አቅሙ መንገድ የወጣው ልጁን ከአድማጭ፣ ከክለብ ባለቤትና ከአሳታሚ ጋር ለማስተዋወቅ ነበር።

ጆኒ ልቡን በሚያግዝ መሣሪያ እየታገዘ ቆየ። በ1997 መጀመሪያ የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገለት፤ በሐምሌ ወር ግን አረፈ። ልጁ 18 ዓመቷ ነበር።

የመጀመሪያው አልበም «ተርን ዘ ሂት አፕ» በ1998 ወጣ። ያሳተመው አሊጌተር ነው፤ አባቷን ለግራሚ ያበቃው ያው ቤት። አልበሙ እሳት ነው። የ19 ዓመት ልጅ እንደ 40 ዓመት ሴት ትዘፍናለች። አንዳንዴ ትንሽ ይበዛል፤ ሁሉም ዘፈን ላይ ጉልበቷን ለማሳየት የቸኮለች ይመስላል። አልበሙን ለዘለቄታው ያስቀመጠው ግን «ጌቶ ቻይልድ» ነው። ይህ የአባቷ የድሮ ዘፈን ነው። በድህነት ሰፈር የተወለደ ልጅ ልመና የሚመስል አዝጋሚ ብሉዝ። በመድረክ ላይ ስትጫወተው አንድ ልማድ አላት። ማይክሮፎኑን ትታ ወደ መድረኩ ጫፍ ትመጣለች፣ ባንዱ ድምፁን ይቀንሳል፣ እሷም በባዶ ድምፅዋ ትዘፍናለች። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ሳይቀር ይሰማታል።

ሁለተኛው «ዊክድ» (2000) ትልቁን በር ከፈተላት። ለግራሚ ታጨ። በብሉዝ ዓለም እጅግ ከሚከበሩት የዳብልዩ ሲ ሃንዲ ሽልማቶችም ሦስቱን ወሰደች። በአልበሙ ውስጥ ከአንጋፋዋ ዘፋኝ ሩት ብራውን ጋር በቅብብል የዘፈነችው የቀልድ ዘፈን አለ። አሮጊቷ ወጣቷን ስለ ወንዶች ውሸት ትመክራታለች። ሩት ብራውን ወጣቷን እንደ እኩያ ይዛ ስትጫወት መስማት ያስደስታል።

ከዚያ በኋላ ታላላቅ ሰዎች አልበም ሊያዘጋጁላት መጡ። «ቶኪንግ ቱ ስትሬንጀርስ»ን (2002) ዶክተር ጆን በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው የኒው ኦርሊንስ ሙዚቀኛ ፕሮዲውስ አደረገው። «ዘ ሶል ትሩዝ»ን (2005) ደግሞ ስቲቭ ክሮፐር ሠራው። ክሮፐር በሜምፊሱ ስታክስ የሙዚቃ አሳታሚ ቤት የሶል ሙዚቃን ድምፅ ከቀረጹት ጊታሪስቶች አንዱ ነው። ሁለቱም ጥሩ አልበሞች ናቸው። ለእኔ ግን የፕሮዲውሰሮቹ ጣዕም ከእሷ ጣዕም ትንሽ ይጎላል። የሶሉ አልበም በተለይ በትንፋሽ መሣሪያዎች ተሽሞንሙኖ የቀረበ ነው፤ ሻካራነቷ ይናፍቃል።

ለውጡ የመጣው በ2009 ነው። አሊጌተርን ለቅቃ ቴላርክ ወደሚባል አሳታሚ ሄደች። ከፕሮዲውሰሩ ኦሊቨር ዉድ ጋር «ኔቨር ጎይንግ ባክ»ን ሠራች። ርዕሱ «ወደ ኋላ አልመለስም» እንደማለት ነው፤ ሥራውም እንደዚያው። ዉድ ባንዱን አሳሳው። ጊታሩ ቀነሰ፣ ክፍት ቦታ ተፈጠረ። እሷም ሳትጮህ መዝፈን እንደምትችል አሳየች። የካናዳዊቷን ዘፋኝ የጆኒ ሚቸልን ዘፈን ወስዳ የራሷ ስታደርገው ትሰማላችሁ። የግጥሞቹም ርዕሰ ጉዳይ ተቀየረ። ከከዳተኛ ፍቅረኛ ወደ ኑሮ፣ ወደ ሃይማኖት ነጋዴዎች፣ ወደ ኢኮኖሚ ቀውስ።

እዚህ ላይ ጆን ሃን የሚባለውን ሰው ማንሳት ግድ ይላል። ሃን ሥራ አስኪያጇ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ አብዛኞቹን ግጥሞች የሚጽፈውም እሱ ነው። ሸሚኪያ ራሷ ብዙ ዘፈን አትጽፍም። «የራሷ ቃል ካልሆነ ምኑን የእሷ ሆነ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ሁለቱ ስለ ኑሮዋ፣ ስለ ዜናው፣ ስላናደዳት ነገር ሲያወሩ ከዋሉበት ነው ግጥሙ የሚወጣው። በልኳ የተሰፋ ግጥም ነው፤ ሌላ ሰው ቢዘፍነው ይሰፋዋል።

በ2011 የቺካጎ ብሉዝ ፌስቲቫል ላይ የኮኮ ቴይለር ልጅ የእናቷን ዘውድ በሸሚኪያ ራስ ላይ አኖረች። ኮኮ ቴይለር በሕይወት ሳለች «የብሉዝ ንግሥት» የምትባለው እሷ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት ሸሚኪያ በዋይት ሐውስ ከቢ ቢ ኪንግ፣ ከበዲ ጋይና ከሚክ ጃገር ጋር በአንድ ምሽት ተጫወተች።

በዚያው በ2012 «33 1/3» ወጣ። ቁጥሩ ትልቁ ሸክላ በደቂቃ የሚዞርበት ፍጥነት ነው፤ እሷም ያኔ 33 ዓመቷ ነበር። «ሌመን ፓይ» የተባለው ዘፈን በሀብታሞችና በደሃ መካከል ስላለው ልዩነት ያሾፋል። «አውትስከርትስ ኦፍ ላቭ» (2015) ወደ አሊጌተር የተመለሰችበት ነው። ቤት አጥተው ካርቶን ውስጥ ስለሚያድሩ ሰዎች፣ ስለተደፈረች ሴት የሚናገሩ ዘፈኖች አሉበት። ሁለቱም አልበሞች ለግራሚ ታጭተዋል።

ከዚያ ልጅ ወለደች። በ2016 መጨረሻ ነው፤ ስሙንም ጆኒ አለችው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ «አሜሪካስ ቻይልድ» (2018) መጣ። የተቀዳው ናሽቪል ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ዊል ኪምብራው። ናሽቪል የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ እንደሆነች ይታወቃል። ብሉዝ ዘፋኝ እዚያ ምን ትሠራለች ያለ ሰው ነበር። አልበሙ መልሱ ነው። ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ጆን ፕራይን የራሱን ዘፈን አብሯት ይዘፍናል። ሪያነን ጊደንስ ጊታር የሚመስለውን ባለ ክር መሣሪያ፣ ባንጆን ትጫወታለች፤ የባንጆ ሥሩ በባርነት ከተወሰዱት አፍሪካውያን ነው። በአንዱ ዘፈን ሸሚኪያ ዘረኛውን ሰው ትጠይቀዋለች፦ ልትሞት ስትል የእኔን ደም ትቀበላለህ ወይ? የአልበሙ መጨረሻ ለልጇ የምትዘፍነው እሹሩሩ ነው። በ2019 የብሉዝ ሙዚቃ ሽልማቶች የዓመቱ አልበም ተባለ። የእኔም ምርጫ ይኸው ነው።

«አንሲቪል ዋር» (2020) የተቀዳውም ከኪምብራው ጋር ነው። መክፈቻው «ክሎቲልዳስ ኦን ፋየር» ይባላል። ክሎቲልዳ ወደ አሜሪካ ባሪያ ይዛ የገባች የመጨረሻዋ የታወቀች መርከብ ናት። አሜሪካ ባሮችን ከውጭ ማስገባት የከለከለችው በ1808 ነው። ይህች መርከብ ግን በ1860 ከዛሬዋ ቤኒን ወደ 110 ሰዎች ጭና በድብቅ ሞቢል፣ አላባማ ገባች። ማስረጃ ለማጥፋት መርከቧን አቃጥለው አሰጠሟት። ስብርባሪዋ ተለይቶ የታወቀው በ2019 ነው። ከባርነት የተረፉት ሰዎች ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ አፍሪካታውን የሚባል ሰፈር መሥርተዋል፤ ዛሬም አለ። ዘፈኑ ይህን ታሪክ በጥቂት ደቂቃ ይተርካል፣ ጄሰን ኢዝቤል በጊታሩ ከጀርባ ይጮሃል። በ2019 ለሞተው ለዶክተር ጆን መታሰቢያ የሆነም ዘፈን በዚሁ አልበም አለ። በ2021 የዓመቱ ምርጥ የመድረክ ሰው ተብላ በቢ ቢ ኪንግ ስም የተሰየመውን ሽልማት ወሰደች።

«ደን ካም ቱ ፋር» (2022) የዚሁ ተከታታይ ሦስተኛ ነው ማለት ይቻላል። «ዘ ቶክ» የተባለው ዘፈን ውስጥ ጥቁር እናት ልጇን ታስተምራለች። ፖሊስ ሲያስቆምህ እጅህን አሳይ፣ አትመልስ፣ በሰላም ቤትህ ግባ። ይህን ምክር በአሜሪካ ያሉ ሐበሻ ወላጆችም ያውቁታል። ቁም ነገሩ የከበዳቸው ተቺዎች ነበሩ። የመጨረሻው «ብሌም ኢት ኦን ኢቭ» (2024) ለዚያ መልስ ይመስላል፤ ቀለል ብሏል፣ ሳቅም አለው። በዚህ አልበም «ቲ ቶት ፔይን» የተባለው ዘፈን ልዩ ነው። ቲ ቶት የአላባማ የመንገድ ላይ ሙዚቀኛ ነበር። ጥቁር ነው። ልጅ ለነበረው ለሃንክ ዊሊያምስ ሙዚቃ ያስተማረው እሱ ነው። ሃንክ የካንትሪ ሙዚቃ ቁንጮ ሆነ፤ ቲ ቶትን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

አሁን የአባቷን ነገር እንይ። ከ2009 ወዲህ ባወጣቻቸው ሰባት አልበሞች ሁሉ አንድ አንድ የጆኒ ዘፈን አለ። «ሰርከምስታንስስ»፣ «ዋን ሞር ታይም»፣ «ዴቭልስ ሃንድ»፣ «ፕሮሚስድ ማይሰልፍ»፣ «ላቭ ሶንግ»፣ «ኖባዲ በት ዩ»፣ «ዳውን ኦን ቤንድድ ኒ»። አብዛኞቹ የታወቁ ዘፈኖቹ አይደሉም። የአባቷን ሥራ ፈትሻ፣ አቧራውን አራግፋ ነው የምታመጣቸው። ሙሉ አልበም ለአባቷ መታሰቢያ ብትሠራ በደንብ ይሸጥላት ነበር፤ ብዙ የታዋቂ ልጆች ያደርጉታል። እሷ ያደረገችው በየሁለት በየሦስት ዓመቱ አንድ እየጠቀሰች ማስቀመጥ ነው። አዘፋፈኗም ቅጂ አይደለም። ጆኒ በቴክሳስ ጊታር ያስጮኸውን እሷ በዝግታ፣ ሌላ ምት ላይ ታስቀምጠዋለች። «ዴቭልስ ሃንድ» («የዲያብሎስ እጅ») ለምሳሌ በእሷ አልበም ላይ ጥላ የመሰለ ድባብ አለው።

አዲስ አድማጭ ከየት ይጀምር? ብሉዝ በወጉ የሚወድ ሰው «ዊክድ»ን ይያዝ። ብሉዝ ሁሉ አንድ ነው የሚል ደግሞ በ«አሜሪካስ ቻይልድ» ይጀምር። ጊዜ ያለው ሰው እነዚያን ሰባት የጆኒ ዘፈኖች አንድ ላይ ሰብስቦ በየዓመታቸው ቅደም ተከተል ያዳምጥ፤ ከዚያ በየዘፈኑ የአባትየውን ቅጂ ፈልጎ ጎን ለጎን ያድርገው።