አርቴሚሲኒን ምንድን ነው?

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ውሃ ሲያቁር ሐርቡ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ቆቦ ላይ ወባ ይነሳል። ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎ ታይቶ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎት ኮአርተም ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን። ክኒኑ ሁለት መድኃኒት ይዟል። አንደኛው አርቴሜተር ሲሆን የሚሠራው ከአርቴሚሲኒን ነው። አርቴሚሲኒን ደግሞ ከቅጠል የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው።

ቅጠሉ አርቴሚሲያ አኑዋ ይባላል፣ ከእኛው አሪቲ ጋር ዘመድ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የድሮ የሕክምና ጽሑፎችን ስታገላብጥ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ ማዘዣ አገኘች፤ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም። ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብላ ኤተር በሚባል ቶሎ በሚተን ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። ሠራ! ንጥረ ነገሩ በፈረንጆቹ 1972 ለብቻው ተለየ፣ እሷም በ2015 ኖቤል ተሸለመች።

የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን የተባለውን ብረት ያለበት ፕሮቲን ይበላል። ከዚያ የሚወጣው ብረት አርቴሚሲኒን ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ትስስር ሲሰብረው የተውሳኩን ፕሮቲኖች የሚያበላሽ ነገር ይፈጠራል። በበላው ነው የሚሞተው ማለት ነው።

ታዲያ አሪቲ አፍልቼ ብጠጣስ? እባክዎ አይሞክሩት። አሪቲ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። የአኑዋ ሻይ እንኳ ምን ያህል መድኃኒት እንደያዘ አይታወቅም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ትንሽ መጠን ትኩሳቱን ያበርድና ተውሳኩን ያስተርፋል፤ የተረፈው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ የዚህ ምልክት ደግሞ አገራችን ውስጥም ታይቷል። ክኒኑን ሁለተኛው ቀን ላይ ተሻለኝ ብሎ መተውም ያው ነው፤ አርቴሜተር ፈጥኖ ገድሎ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል፣ የቀረውን የሚለቅመው ለቀናት የሚቆየው ጓደኛው ሉሜፋንትሪን ነው። እሱ ደግሞ ስብ ይወዳልና ከወተት ጋር ይዋጡት።

የአባቶቻችንን ዕውቀት ግን ማንም እንዲንቅ አልፈልግም። የድሮው የወባ መድኃኒት ኪኒንም በ1820 የተለየው ከዛፍ ልጣጭ ነው። የእኛ ግራዋም ቤተ ሙከራ ውስጥ የአይጥ ወባን ቀንሷል። ከአይጥ ወደ ሰው ለመድረስ ግን የትኛው ንጥረ ነገር እንደሠራ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሚበቃ፣ ጉበትና ኩላሊት ላይ ምን እንደሚያደርግ መለየት አለበት፤ ለዚህ ሥራ ገንዘብና ጊዜ ሲመደብ ማየት እፈልጋለሁ።