«ቲኤስኤች ከፍ ብሏል» ሲባል፦ በታይሮይድ ውጤት ላይ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የታይሮይድ ውጤት የሚቀበል ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪሙ ከመመለሱ በፊት ኮሪደር ላይ ቆሞ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ ከዚያ ለዘመድ ይደውላል። ዘመድም ምክር አያጣም። ከነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ ሰውን ለወራት ሲያንገላቱ ስለማይ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንስቼ እውነታውን ልጻፍ።

«ቲኤስኤች ከፍ ካለ የታይሮይድ ሆርሞን በዝቷል ማለት ነው»

የተገላቢጦሽ ነው። ቲኤስኤች የሚመነጨው ከታይሮይድ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ሥራው አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ «አምርት» ብሎ ማዘዝ ነው። ጆሮው የከበደ ሰው ስናናግር ድምፃችንን ከፍ እንደምናደርገው ሁሉ፣ ታይሮይዱ ሲደክም ትእዛዙ ይበረታል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ሲል በአብዛኛው ሆርሞኑ አንሷል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ በዝቷል ማለት ነው። ከፍ ያለውን ቁጥር አይቶ «መድኃኒቱ በዛብኝ» ብሎ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካውን ክኒን) ያቆመ ሰው ራሱን ወደ ባሰ ድካም ነው የሚወስደው።

«ከቁጥሩ ጎን የ‘ኤች’ (ከፍ ያለ የሚል) ምልክት ካለ ታምሜያለሁ»

ብዙ ላቦራቶሪዎች ለአዋቂ ሰው ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4.0 ገደማ የሚለውን ወሰን ይጠቀማሉ። ወሰኑ የሚወጣው 95 በመቶ የሚሆኑት ጤነኞች የሚገኙበትን መሐል በመያዝ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጤነኞችም ከወሰኑ ውጭ ይወድቃሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ቲኤስኤች 6 ሆኖ ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ራሱ) ልክ ከሆነ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ድገሙት ይላል። ይህን ቸልተኝነት የሚመስለው አለ። ነገር ግን በብዙ ሰው ላይ ቁጥሩ ያለ መድኃኒት ራሱ ይመለሳል። ከ10 ሲያልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና ይጀመራል።

ሌላው የሚያስደነግጠው የመለኪያው ልዩነት ነው። እዚህ ፍሪ ቲ4 «1.2» የተባለው ሌላ ቦታ «15» ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሁለተኛው በፒኮሞል በሊትር ተለክቶ ነው እንጂ መጠኑ ያው ነው። ሁለት ወረቀት ከማስተያየትዎ በፊት ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን መለኪያና የዚያን ላቦራቶሪ ወሰን ይዩ። ቢቻል ክትትሉን በአንድ ላቦራቶሪ ያድርጉ።

«መድኃኒቱን በየቀኑ እወስዳለሁ፣ ቁጥሩ ግን አልወረደም፤ መድኃኒቱ አይሠራም»

አንዲት እናት በዚህ ጉዳይ ተማረው ወረቀታቸውን አሳዩኝ። መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨምሮላቸዋል፣ ቲኤስኤች ግን አሁንም 9 ላይ ነው። «እማማ፣ ክኒኗን በምን ይወስዷታል?» አልኳቸው። «በቡና ነዋ ልጄ፣ በአቦሏ» አሉኝ። ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው መጠኑን ሳይነኩ በውኃ ብቻ መውሰድ ጀመሩ። በሚቀጥለው ምርመራ ቁጥሩ ወሰን ውስጥ ገባ።

ቡና ሌቮታይሮክሲን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋል። ክኒኑ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ነው፤ ከዚያ ለቁርስም ለቡናም ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። የደም ማነስ ክኒን (አይረን)፣ ካልሲየምና የሚታኘክ የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቁ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው አሲዱ ስለሚቀንስ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር። ጠዋቱ የማይመቸው፣ ወይም በረመዳን የሚጾም ሰው፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማታ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ ሊወስደው ይችላል።

«ምርመራው ሲቃረብ ጠበቅ አድርጌ ብወስድ ውጤቴ ያምራል»

ይህ ከላቦራቶሪ አይደበቅም። የቲ4 ግማሹ ከደም ለመውጣት 1 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ቲኤስኤች ደግሞ ለመረጋጋት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። መጠን በተቀየረ ቁጥር ምርመራው ከዚህ ጊዜ በኋላ የሚደገመው ለዚህ ነው። አንድ ወር ዘልሎ የመጨረሻዎቹን ቀናት ብቻ የዋጠ ሰው ፍሪ ቲ4 ልክ ወይም ከፍ ያለ፣ ቲኤስኤች ግን ያልወረደ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ መዝለሉን ካላወቀ መጠኑን ይጨምርና ሆርሞኑ ይበዛል። እባካችሁ የዘለላችሁትን ንገሩ፤ የሚቆጣ ሐኪም ከሚሳሳት ሐኪም ይሻላል።

ለቲኤስኤች መጾም አያስፈልግም። ደም የሚሰጡበትን ቀን ግን የዕለቱን ክኒን ከደም መስጠቱ በኋላ ቢያደርጉት ጥሩ ነው፤ ክኒኑ ፍሪ ቲ4ን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ስለሚያደርገው።

ፀጉራቸው የረገፈባቸው ሴቶች ከፋርማሲ የሚገዙት «ለፀጉርና ለጥፍር» የሚባለው ክኒን ብዙ ጊዜ ባዮቲን አለው። ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ አንዳንድ መሣሪያዎችን ያሳስታል፤ ቲኤስኤችን ያለልኩ ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርጎ ያወጣል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ያቁሙት፣ ደም ለሚቀዳዎት ባለሙያም ይንገሩ።

«አሳ የሚበላ ሰው እንቅርት አይነካውም»

ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራበት አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ይመጣል፤ አዮዲን በብዛት የሚገኘው ግን በባሕር አሳ ነው። ከሐይቃችን የሚወጣው ቆሮሶ ጥሩ ምግብ ነው፣ በአዮዲን ግን አይተማመኑበት። የአዮዲኑን ጉዳይ የሚፈታው ጨው ነው። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ስለሚያጠፉት ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጥ ውስጥም ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። ሆኖም የታይሮይድ ማነስ ሁሉ ከአዮዲን እጥረት አይመጣም። ሰውነት ራሱ ታይሮይዱን ሲያጠቃ በሚመጣው ሃሺሞቶ በሚባለው ሕመም ላይ አዮዲን ማብዛት ሊያባብስ ይችላል።

አንገት ላይ እብጠት ኖሮ ሆርሞኑ ልክ ሊሆን እንደሚችልም ይታወቅ። ቲኤስኤች ልክ ነው ተብሎ እብጠቱ አይተውም፤ አልትራሳውንድ ይታይ።

«ቁጥሩ ኖርማል ነው ከተባለ ድካሙ ያንተ ስንፍና ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሌቮታይሮክሲን እየወሰዱ ቲኤስኤች ከተስተካከለላቸው ሰዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ድካም፣ የሐሳብ መበታተን ወይም የሰውነት መክበድ እንደማይለቃቸው በሕክምናው ይታወቃል። የፈጠሩት ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ጊዜ ይስጡት፤ ቁጥሩ ቀድሞ ይስተካከላል፣ ሰውነት ግን ይዘገያል። ፀጉር ለመመለስ ወራት ይወስዳል። ክብደትም እንደሚጠበቀው አይወርድም፤ ከታይሮይድ ማነስ የሚመጣው ጭማሪ ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፣ ያም በአብዛኛው ውኃና ጨው ነው።

ወራት አልፈው ድካሙ ካልለቀቀ ሌላ ነገር ይፈለግ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው አንዱ ሕመም በሌላው ላይ ይደረባል። የደም ማነስና የአይረን ክምችት ማነስ፣ የቢ12 እጥረት፣ ስኳር፣ ድባቴ፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የወር አበባ የመቋረጫ ዕድሜ፣ ሁሉም ልክ እንደ ታይሮይድ ያደክማሉ። ቢ12 በተለይ መታየት አለበት። ሃሺሞቶ ያለበት ሰው ሆዱ ቢ12ን የማይቀበልበት ሕመም አብሮት ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ጾም የማይፈታ ሰው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሚያገኝባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ሐኪምዎ ጋ ሲሄዱ «ደክሞኛል» ብቻ አይበሉ፤ ከመድኃኒቱ በፊት የነበረውን፣ የለቀቀውንና የቀረውን ለይተው ጽፈው ይሂዱ፤ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት)፣ ቢ12 እና የስኳር ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

መጠኑን ግን በራስዎ አይጨምሩ። ሆርሞኑ ሲበዛ ለጊዜው ጉልበት ያገኙ ይመስላል፤ ሲቆይ ግን የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ በተለይ በዕድሜ በገፉት ላይ።

«አረገዝኩ፣ ለልጄ ብዬ ክኒኑን አቆምኩ»

አያቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው፤ አንጎሉም የሚያድገው በእርሱ ነው። እንዲያውም የሚያስፈልገው መጠን ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ። ስለዚህ እርግዝናው እንደታወቀ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም ይንገሩ፤ ቲኤስኤች እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ይታያል። ከእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ ክኒንም አይቅር፤ የታይሮይዱን ጠዋት፣ አይረኑን ከምሳ በኋላ ወይም ማታ ያድርጉት።