ስለ ኤአይ ኤጀንት ድሬ ላይ የሚባለውና እውነታው

ኤስኤፒ፣ ኦራክልና ማይክሮሶፍት ዳይናሚክስን የመሳሰሉ ትልልቅ የድርጅት ሶፍትዌሮች የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኤጀንት ይዘው መጥተዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስገባ፣ መጋዘን የሚይዝ ወይም የፋብሪካ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ዘንድ ይህ ነገር መድረሱ አይቀርም። ከዚራ ሻይ ላይ ስንቀመጥ ስለ እሱ የሚነሱ አንዳንድ ሐሳቦች ግን መታረም አለባቸው።

«ኤጀንት ያው ቻትቦት ነው።»
አይደለም። ቻትቦት ስትጠይቁት ይመልሳል። ኤጀንት ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ሥራ ይሠራል፤ ሰነድ ያመሳክራል፣ የክፍያ ጥያቄ ያዘጋጃል። ስለዚህ ስህተቱም ወሬ ሆኖ አይቀርም፤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

«ሁሉን የሚችል አንድ ኤጀንት ይበቃል።»
አንድ ሥራ አሥር ደረጃ አለው እንበል። ኤጀንቱ በየደረጃው 95 በመቶ ልክ ቢሆን እንኳ፣ ስህተቱ ስለሚደራረብ ሥራው ያለ ስህተት የሚያልቀው 60 በመቶ ያህል ጊዜ ነው። ሥራው ለየብቻው ተከፋፍሎ፣ በየመሃሉ ፍተሻ የሚገባው ለዚህ ነው። አንዱ ኤጀንት የግዢ ትዕዛዝ፣ የመጋዘን ገቢ ደረሰኝና ኢንቮይስ (የሻጩን የክፍያ መጠየቂያ) ያመሳክራል። ሌላው የዕቃ ቀሪ ይከታተላል። ፈቃዱም በዚያው ልክ ይጠባል። ኢንቮይስ የሚያመሳክር ኤጀንት የሻጭን የባንክ ሂሳብ ቁጥር የሚቀይርበት ምንም ምክንያት የለም።

«ዳታው ቢዝረከረክም ኤአይ ያስተካክለዋል።»
አቦ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ይሄ ነው። ደረሰኝ ላይ 05/01/2018 ተጽፏል እንበል። የመጋዘን ሠራተኛው መስከረም 5 ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025። የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ ሲስተም ግን ደረሰኙን የሰባት ዓመት አሮጌ ያደርገዋል። ሲሚንቶም እንደዚያው። አንዱ በሲሚንቶው ዓይነት «ኦፒሲ»፣ ሌላው «ሲሚንቶ 50 ኪሎ»፣ ሦስተኛው «ሲምንቶ» ብሎ ከመዘገበ፣ ኤጀንቱ ሦስት የተለያየ ዕቃ ሊያይ ይችላል። በአንደኛው ስም አልቋል ብሎ ግዢ ሲያዝ፣ ዕቃው በሌላ ስም መጋዘኑን ሞልቶታል። የዕቃ ኮዱ፣ የሻጮች ዝርዝርና የቀን አጻጻፉ ቀድሞ መጥራት አለበት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን አይዘለልም።

«ሂሳብ ሠራተኛ አያስፈልግም።»
ያስፈልጋል። ተራው ማመሳከር ይቀልለታል እንጂ ያልገጠመው ኢንቮይስ እሱ ጋ ነው የሚመጣው። ሻጩ ጋ ደውሎ «ሁለት ኩንታል ጎድሏል» የሚለው ሰው ነው። ክፍያ የሚያጸድቀውም ሰው መሆን አለበት።

«ከተሳሳተ ተጠያቂው ማሽኑ ነው።»
የኤር ካናዳ ቻትቦት ለሐዘን ጉዞ ስለሚደረግ ቅናሽ ለአንድ ደንበኛ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ነበር። አየር መንገዱ በቻትቦቱ ንግግር አልጠየቅም ብሎ ተከራከረ። በፈረንጆቹ 2024 ግን ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሠራተኛና የደንበኛ መረጃ ለኤጀንት ሲከፈት እሱን ማየት ግድ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሶፍትዌር ሻጩን ጠይቁት። መረጃችን የት ይቀመጣል? ኤጀንቱ የሠራው ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘገባል? ከስንት ብር በላይ ሲሆን ቆሞ ሰው ይጠይቃል? መልሱ በቃል አይበቃም፤ ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ።