የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው፦ ከገደሉ አፋፍ እስከ ጋዜጣው

ሀብት ደጁ ላይ እያለ ለሚቸገር ሰው የሚነገር ነው። አባቱ የመጻሕፍት መደብር እያለው ደብተር ያጣ ተማሪ፣ ወንድሙ ሐኪም ሆኖ ሳይታከም የሚማቅቅ በሽተኛ ሲያጋጥም «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ድሃ መሆን ብቻውን አይበቃም። ያጣው ነገር አጠገቡ መሆን አለበት፣ ያውም በዝምድና የሚገባው።

ባህር ዳር ላለ ሰው ተረቱ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አባይ ከጣና ሲወጣ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ጎንበስ ብሎ በእጅ መጠጣት ይቻላል። ነገሩ የሚገባው ወንዙን ተከትለው ሲወርዱ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጢስ እሳት ላይ ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያ ወዲያ ገደል ውስጥ ነው የሚሄደው። ደጀንና ጎሃ ጽዮን መካከል ሸለቆው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። አፋፉ ላይ ቤት የሠራ ገበሬ አባይን ቁልቁል ያየዋል። ግን ለአንድ እንስራ ውሃ ብሎ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ፣ ተሸክሞ ዳገቱን ማን ይወጣዋል? የሚጠጣው ከምንጭ ነው። በጋ ገብቶ ምንጩ ሲነጥፍ፣ አባይን እያየ ይጠማል። እንደኔ ተረቱ የተወለደው እዚያ አፋፍ ላይ ነው፤ ሐይቁ ዳር አይደለም።

ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሕይወት አገኘ። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዘመን ኅትመት የሚያገላብጥ ሰው በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያገኛል፦ የዓባይን፡ልጅ፡ውኃ፡ጠማው። «ዓባይ» በዓይኑ ዓ፣ «ውኃ» በብዙኃኑ ኃ። ዛሬ ግን «አባይ»፣ «ውሃ»፣ «ውሀ»፣ እንደ ጸሐፊው ነው። በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ሁሉንም አጻጻፍ ካልሞከረ ብዙ ያመልጠዋል። ለቋንቋ ታሪክ የሚቆረቆር ሰው ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል፤ የድሮ ጋዜጦቻችን በዚህ ምክንያት ብቻ ሳይነበቡ መቅረት የለባቸውም።

በጽሑፍ ጎልቶ የተለወጠው ቃል «ልጅ» ነው። በመንደር ወሬ ልጁ አንድ ሰው ነው፤ የእገሌ ወንድም፣ የእገሊት የእህት ልጅ። በጋዜጣና በመጽሔት ግን ልጁ አገር ሆነ። ምክንያትም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ውሃውን ሲካፈሉ፣ ኢትዮጵያን የጠየቃት አልነበረም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አገር ሲራብ ደግሞ ተረቱን እንደ ተረት መስማት የሚቻል አልነበረም። እውነት ነበር።

«ውሃ»ም ቢሆን መብራት ሆኗል። ከጢስ አባይ ኃይል ማመንጨት የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በማሳው ላይ እያለፈ ማታ ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ነበር። ከእሱ በላይ የአባይ ልጅ ከየት ይመጣል?

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ተረቶቹ ተገለበጡ። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የነበረው «አባይ ማደሪያ አገኘ» ተባለ። የእኛም ተረት «ከእንግዲህ አይጠማውም» እየተባለ ይጻፍ ጀመር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ይኸው ቋንቋ ተመልሶ መጣ። ደስታው የኔም ነበር። ሆኖም ተረቱን ጡረታ ለማውጣት የቸኮሉ ይመስለኛል። ባህር ዳር ውስጥ ቧንቧ ሲጠፋ፣ ሐይቁ እዚያው እየታየ፣ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁ እናቶች ዛሬም ይሉታል። እነሱ አፍ ላይ ልጁ እንደገና ሰው ነው።

አንዳንዶች ይህን ተረት «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ከሚለው ጋር ያምታቱታል። ያኛው ያለውን ለናቀ ነው። የአባይ ልጅ ግን ውሃውን አልናቀም፤ አልደረሰውም። ስለዚህ ሰውን ለመውቀስ ሲፈልጉ ወርቁን ይጥቀሱ፤ ለተበደለ ሲያዝኑ አባይን።