ድንገተኛ የኢንዱስትሪ አደጋና ዲጂታል ቴክኖሎጂ

ጋዝ ሲያፈተልክ፣ ታንክ ሞልቶ ሲፈስ ወይም ፋብሪካ ውስጥ እሳት ሲነሳ ሥራው ግልጽ ነው፦ ቶሎ ማወቅ፣ ሰውን ማውጣት፣ ምንጩን መዝጋት። ሴንሰር፣ ድሮን፣ ሮቦትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለዚሁ እየዋሉ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1976 ጣሊያን ውስጥ ሴቬሶ ላይ ያፈተለከው ዳዮክሲን የተባለ መርዛማ ኬሚካል በ1982 ስለ ከባድ የኢንዱስትሪ አደጋ ለወጣው የአውሮፓ ሕግ ምክንያት ሆነ።

በደንብ ከተመረመሩት አደጋዎች መካከል ሁለቱ የብሪታንያ ናቸው። በ1994 ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ አንድ ቫልቭ ተዘግቶ ሳለ ስክሪኑ ክፍት ነው ይል ነበር። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች 275 ማንቂያ ጮኸባቸው። በየ2 ሰከንድ ተኩል ገደማ አንድ ማለት ነው። ይህን አንብቦ መለየት ከማንም አቅም በላይ ነው፤ በእነሱ መፍረድ አይገባም።

ሁለተኛው የ2005ቱ የበንስፊልድ ነዳጅ ማከማቻ (ዴፖ) አደጋ ነው። ታኅሣሥ ወር፣ እሑድ ሌሊት። ታንክ 912 ቤንዚን እየተሞላ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መለኪያው ሁለት ሦስተኛ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ቤንዚኑ ግን መግባቱን ቀጠለ። ሲሞላ ፍሰቱን ሊያቆም የተቀመጠው ሌላ ማብሪያ ማጥፊያም አልሠራም። የማብሪያ ማጥፊያውን ማንሻ ቦታው ላይ የሚይዘው ጓጉንቸር አልገባለትም ነበር። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፈነዳ። 43 ሰው ተጎዳ፤ የሞተ የለም።

የዛሬዎቹ ሲስተሞች ይህን ለመያዝ ነው የሚለፉት። ቤንዚን እየገባ የታንኩ መጠን ካልጨመረ ሶፍትዌሩ "መለኪያው ተይዟል" ይላል። ተዛማጅ ማንቂያዎችን አሰባስቦ ዋናውን ያስቀድማል። ሠራተኛው ደረቱ ላይ የሚያደርጋት ትንሽ የጋዝ መለኪያም ያለበትን ቦታ ለቁጥጥር ክፍሉ ትልካለች፤ ቢወድቅ የት እንደወደቀ ይታወቃል። ይህቺ በግሌ ከሁሉም ትበልጥብኛለች። አደጋን ቀድሞ የሚተነብይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ ይባላል። ከባድ አደጋ ግን ስለማይደጋገም የሚማርበት መረጃ ጥቂት ነው።

በሚያዝያ 2011 ሮቦቶች አደጋ የደረሰበት የጃፓኑ ፉኩሺማ ኒውክሌር ማመንጫ ገብተው ጨረር ለኩ። ድሮን ደግሞ በሙቀት ካሜራ ከጭሱ በላይ ሆኖ ያያል።

በ2017 ትሪቶን የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ሳውዲ አረቢያ ውስጥ የአንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካን የደኅንነት መቆጣጠሪያ ራሱን አጠቃ። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ዛሬም ብዙ ቦታ ከኔትወርክ ውጭ በራሱ ሽቦ የሚሠራው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።